ሒሳቡ አልገጠመም፦ ስለ ፍሎቴሽን ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ስጠብቅ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ደረሰኝ። ማታ ቤቴ እስክገባ ያንኑ ጽሑፍ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን ከከተማ ውጭ አንድ የሙከራ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ብላበታለች። በሦስት መስመር ልመልስላት ጀምሬ ነው እዚህ የደረስኩት።

የጽሑፉ ርእስ «ችግሩ ድንጋዩ ሳይሆን ኬሚካሉ ነው» ይላል። የሚያወራው መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ፣ አንዳንዴም ወርቅና ብር ተቆላልፈው ስለሚገኙበት የሰልፋይድ (ብረቶቹ ከሰልፈር ጋር የተጣመሩበት) ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ማዕድኑን በፍሎቴሽን፣ ማለትም በአረፋ እያንሳፈፉ ስለመለየት። የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጥሩ ፋብሪካ ድንጋዩ ውስጥ ካለው መዳብ 98 በመቶውን ያወጣል፣ ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ ብክነት ነው ይላሉ። እዚያ ለመድረስ ሰብሳቢ የሚባለውን ኬሚካል መጨመርና ድንጋዩን እስከተቻለ ማላም ይበቃል። የጎረቤታችን የኤርትራው የቢሻ ማዕድን የእኛው ዓይነት አለት ስለሆነ ቀመራቸውን እንዳለ መውሰድ እንችላለን። ፍሎቴሽን ሳያናይድ የማይነካው ንጹሕ ዘዴ ነው። የቀረውን ካሜራና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጨርሰዋል። ጽሑፉ ይኸው ነው። የጸሐፊውን ስም ያልጠራሁት ክርክሬ ከጽሑፉ እንጂ ከሰውየው ስላልሆነ ነው።

የምስማማበት አለ። ጥሬ ድንጋይ ጭኖ መላክ ኪሳራ ነው ማለታቸው ትክክል ነው። ሁለት ቶን መዳብ ለመሸጥ ብሎ 98 ቶን ተራ ድንጋይ አብሮ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር መጎተት እብደት ነው። ፍሎቴሽን የማዕድን ሥራን የለወጠ ግኝት ነው ማለታቸውም አልተጋነነም። አውስትራሊያ ውስጥ ብሮክን ሂል በሚባለው ስፍራ ዚንኩን አብሮት ካለው ተራ ድንጋይ በክብደት መለየት ስላልተቻለ ዚንክ ያለበት ዝቃጭ በሚሊዮን ቶን ተከምሮ ቀርቶ ነበር። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲብት ያንን ክምር ወደ ገንዘብ የለወጠው አረፋ ነው። እርሳሱን አስቀድሞ ዚንኩን አስከትሎ ማንሳፈፍንም ላይስተር የተባለ ሰው እዚያው በ1912 እ.ኤ.አ. አሳየ።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድንጋዩ ይፈጫል፣ ከውሃ ጋር ይበጠበጣል፣ ከሥሩ አየር ይነፋበታል። ዛንቴት የሚባለው ሰብሳቢ የፈለግነውን ማዕድን ገጽ ውሃ የሚሸሽ ያደርገዋል። ያ ቅንጣት የአየር ፊኛ ሲያገኝ ተለጥፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ተራው ድንጋይ እርጥብ እንደሆነ ታች ይቀራል። አረፋው ተጠርጎ ሲደርቅ ኮንሰንትሬት ይባላል። ታች የቀረው ደግሞ ዝቃጭ ነው።

አሁን ወደ 98ቱ። ጸሐፊው ለምሳሌ ብለው ያስቀመጡት ስሌት አለ። ወደ ፋብሪካው የሚገባው ድንጋይ 1.8 በመቶ መዳብ አለው፣ ኮንሰንትሬቱ 24 በመቶ፣ ዝቃጩ 0.3 በመቶ። ከዚያ «ሪከቨሪው 98 በመቶ ሆነ» ይላሉ፤ ሪከቨሪ ማለት ድንጋዩ ውስጥ ከነበረው መዳብ ኮንሰንትሬቱ ውስጥ የገባው ድርሻ ነው። እስክሪብቶ አወጣሁ። 100 ቶን ድንጋይ ውስጥ 1.8 ቶን መዳብ አለ። በእነዚያ ሦስት ቁጥሮች መሠረት ከ100 ቶኑ 6.3 ቶን ያህል ኮንሰንትሬት ይገኛል፤ እሱም 1.52 ቶን መዳብ ይይዛል። ቀሪው 93.7 ቶን ዝቃጭ 0.28 ቶን መዳብ ተሸክሞ ወደ ዝቃጭ ማጠራቀሚያው ግድብ ይሄዳል። 1.52ን ለ1.8 ብናካፍለው 84 በመቶ ነው። 98 እንዲመጣ ከተፈለገ ዝቃጩ ውስጥ የሚቀረው መዳብ ከ0.3 ወደ 0.04 በመቶ መውረድ ነበረበት። ሌላ ማስረጃ ፍለጋ መሄድ አላስፈለገኝም፤ የራሳቸው ቁጥሮች ናቸው።

የሒሳብ ስህተት በማንም ይደርሳል። ከዚያ የሚከፋው ሪከቨሪን ብቻውን መለኪያ ማድረጋቸው ነው። ሴሉን፣ ማለትም አየር የሚነፋበትን ገንዳ፣ ከነጭቃው ገልብጬ ሳህን ላይ ብደፋው ሪከቨሪዬ 100 በመቶ ነው፤ ይዤ የቀረሁት ግን ያንኑ ድንጋይ ነው። ገዢው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። 24 በመቶ በሆነ ኮንሰንትሬት 1.6 ቶን መዳብ ለመላክ ሰባት ቶን የማይሞላ ጭነት ይበቃል፤ ኮንሰንትሬቱ 10 በመቶ ከሆነ ጭነቱ 16 ቶን ይሆናል፣ ያንንም የሚቀበል ማቅለጫ ማግኘት ከባድ ነው። ወደ ላይም ቢሆን ጣሪያ አለ። ዋናው የመዳብ ማዕድን ቻልኮፓይራይት ራሱ፣ አንድም ቆሻሻ ሳይኖርበት፣ የመዳብ ይዘቱ 34.6 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው ብረትና ሰልፈር ነው። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ወደ 50 በመቶ እናሳድገዋለን» የሚለው ከቻልኮፓይራይት ከሆነ አረፋ የሚሠራው ሥራ አይደለም።

ደግሞ የተቆላለፈ ድንጋይ ላይ «ሪከቨሪ» ሲባል የማን ሪከቨሪ፣ ወዴት የሚለው ይቀድማል። መዳብ ኮንሰንትሬት ውስጥ የገባ ዚንክ ወጥቷል ተብሎ ይቆጠር ይሆናል፤ የመዳብ ማቅለጫው ግን ለዚንኩ አይከፍልም፣ ሲበዛበትም ይቀጣል። አርሴኒክ ካለበት ይብሳል፤ ቻይና አርሴኒኩ ከተወሰነ ገደብ ያለፈ የመዳብ ኮንሰንትሬት አታስገባም። ዚንኩ በራሱ ኮንሰንትሬት ሲሸጥም ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ለ85 በመቶው ነው። እነዚህን ሳያነሱ ስለ ብክነት ማውራት ገበያ ሳይወጡ ዋጋ መቁረጥ ነው።

ሰብሳቢ ኬሚካል ይጨመር ወደሚለው ልለፍ። ዛንቴት የሚገባው ለአንድ ቶን ድንጋይ በግራም ተቆጥሮ ነው፤ ምክንያቱም መዳብን ብቻ የሚያውቅ ኬሚካል አይደለም። ፓይራይትንም ይይዛል፤ ብዙ ሰው ወርቅ መስሎት ኪሱ የከተተውን ያንን ቢጫ የብረት ሰልፋይድ። ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። አምስት ኪሎ በሚገኘው ላቦራቶሪ አንድ ኪሎ የተፈጨ ድንጋይ ሴሉ ውስጥ ከትተን አየሩን ስንከፍት በመጀመሪያው ደቂቃ የሚወጣው አረፋ የጠቆረ፣ የከበደ፣ ላዩ ላይ የነሐስ ብልጭታ ያለው ነው። መጥረጊያው ሲነካው ቶሎ አይፈነዳም፤ ሳህኑ ላይ ወድቆ እንደ ጭቃ ይከመራል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ይገረጣል፣ ፊኛዎቹ ይተልቃሉ፣ በመሃላቸው ውሃ ይታያል። ከዚያ በኋላ የሚጠረገው በአብዛኛው ውሃው ጎትቶት የወጣ ተራ ድንጋይ ነው። ዛንቴቱን እጥፍ ካደረግነው አረፋው እስከ አምስተኛው ደቂቃ ድረስ ከብዶ ይወጣል። ተማሪዎች በጣም ደስ ይላቸዋል። ነገሩ የሚገባቸው ሳህኑ ከማድረቂያው ወጥቶ ተመዝኖ ሲመረመር ነው፤ የተጨመረው ክብደት ፓይራይት ነው፣ የመዳቡ ድርሻ ወርዷል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ፓይራይቱን ታች ለማስቀረት የሚረዳው ዛንቴት መጨመር ሳይሆን የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) በኖራ ወደ 11 ገደማ ከፍ ማድረግ ነው፤ ኖራ ደግሞ ዶላር ሳንለምን አገር ውስጥ እናገኛለን።

ዚንኩ ግን ከፓይራይትም ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ስፋሌራይት፣ የዚንኩ ሰልፋይድ፣ በተፈጥሮው ከዛንቴት ጋር እምብዛም አይስማማም። ብቻውን ቢሆን ታች ተኝቶ ይቀር ነበር። ውሃው ውስጥ የሟሟ መዳብ ካለ ግን መዳቡ ከስፋሌራይቱ ገጽ ላይ ዚንኩን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ያኔ ዚንኩ የመዳብ ካባ ደርቧል፤ ዛንቴቱም መዳብ መስሎት ይዞት ይወጣል። በሥራ ላይ መዳቡ ተጠርጎ ካለቀ በኋላ ኮፐር ሰልፌት ጨምረን ዚንኩን የምናነሳው በዚሁ ዘዴ ነው። ችግር የሚሆነው ሳንጠራው በመጀመሪያው ሴል ሲመጣ ነው።

ይህ ደርሶብኛል። ስሙን ከማልጠቅሰው ቦታ የቁፋሮ ናሙና መጣልን። ከቁፋሮ የወጣው ድንጋይ ያለባቸው ሳጥኖች ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ሦስት ክረምት እንዳሳለፉ ማንም አልነገረንም። መዳቡን ልናነሳ ስንል ዚንኩ አብሮ ይነሳል። ዚንኩን ታች ለማስቀረት ዚንክ ሰልፌት ጨመርን፣ ሰልፋይት ሞከርን፣ ፒኤቹን አወጣን አወረድን። በመሃል መብራት ይሄዳል፣ ማማሰያው ይቆማል፣ የተፈጨው ድንጋይ ሴሉ ሥር እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል፤ እንደገና ከዜሮ። ሦስት ሳምንት «ኬሚካሉ ነው» ስንል ከረምን፤ ልክ እንደ ጸሐፊው። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ናሙናውን ገና ምንም ሳይገባበት በተጣራ ውሃ አጥቦ፣ ውሃውን አጥልሎ፣ አሞኒያ ጠብ አደረገበት። ሰማያዊ ሆነ። ድንጋዩ መጋዘን ውስጥ ዝጎ መዳቡ ሟሟቷል፤ ለስፋሌራይቱ ካባውን የደረበለት ራሱ ናሙናው ነው። ከአዲስ ቁፋሮ የመጣ ናሙና ስናገኝ የመጀመሪያው ቀን ቀመራችን ብዙም ሳይነካካ ሠራ።

እዚህ ላይ ነው የቢሻው ነገር የሚመጣው። አለቱ ዘመድ ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ ቢሻም ሆነ በትግራይ ያሉት መሰል ክምችቶች የዓረብ-ኑቢያ ጋሻ በሚባለው ጥንታዊ አለት ውስጥ ናቸው። ነገር ግን «የቢሻ ቀመር» የሚባል አንድ ነገር የለም። እዚያ ላይኛው ሽፋን ዝጎ ወርቅ የቀረበት ነው፤ ከሥሩ ውሃ ወደ ታች ያወረደው መዳብ የተከማቸበት ንጣፍ አለ፤ ከዚያ በታች ዚንክና መዳብ የተቆላለፉበት ትኩስ ሰልፋይድ። በ2011 እ.ኤ.አ. በወርቅ ጀመሩ፣ በ2013 የመዳብ ፍሎቴሽን አስከተሉ፣ የዚንኩ ክፍል የመጣው በ2016 ነው። ከአንድ ጉድጓድ ሦስት ዓይነት ሥራ። የትኛውን ነው የምንቀዳው? መካከለኛው ንጣፍ ላይ ያሉት ቻልኮሳይትና ኮቬላይት የሚባሉ የመዳብ ማዕድናት በቀላሉ መዳብ ወደ ውሃው የሚለቁ ናቸው፤ እኛ መጋዘን ውስጥ ያየነውን እዚያ ተፈጥሮ ራሷ አዘጋጅታዋለች። ታች ላለው ድንጋይ የወጣ ቀመር እዚህኛው ላይ አይሠራም፤ የዚህኛውም እዚያ።

የፔሩን አንታሚና ተመልከቱ። ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ የተሠራ ትልቅ ፋብሪካ ነው። የድንጋዩ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ሁሉንም ደባልቀው አይፈጩም። መዳብ ብቻ ያለበትን ለብቻው፣ መዳብና ዚንክ ያለበትን ለብቻው፣ ቢስሙዝ የተባለው ብረት የበዛበትን ካነሰበት ለይተው በተራ በተራ ያስገባሉ፤ ተራው በተቀየረ ቁጥር የኬሚካሉ መጠንም ይቀየራል። አንድ ኩባንያ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ ቀመሩን ከሰኞ ወደ ሐሙስ ማሻገር ካልቻለ እኛ ድንበር አሻግረን የምናመጣው ምኑን ነው?

ስለ ማላም ጸሐፊው ከፊል ልክ ናቸው፤ ምናልባት ከጠበቅኩት በላይ። ሁለት ማዕድናት አንድ ቅንጣት ውስጥ ተጣብቀው ካሉ ምንም ኬሚካል አይለያቸውም፤ መላቀቅ ያለባቸው በወፍጮ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የማክአርተር ሪቨር ክምችት በ1955 እ.ኤ.አ. ተገኝቶ ሥራ የጀመረው በ1995 ነው፤ ማዕድኑ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ እስከ 7 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚያልም ወፍጮ እስኪመጣ 40 ዓመት ጠበቀ። እንዲያም ሆኖ የሚወጣው ዚንክና እርሳስ የተቀላቀሉበት ኮንሰንትሬት ነው። ግን ልብ በሉ፦ ሁሉንም ድንጋይ 7 ማይክሮን አላደረሱትም። መጀመሪያ ሻከር አድርገው ፈጭተው አንሳፈፉ፣ ከዚያ የተነሳውን ብቻ እንደገና አላሙ። ሁሉንም ማላም በፋብሪካ ውስጥ ኃይል ከሚበላው ሥራ ሁሉ ዋነኛውን ማብዛት ነው፤ የእኛን መብራት ለሚያውቅ ይህ ቀልድ አይደለም። ከዚያም አልፎ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ቅንጣት በጣም ቀላል ስለሆነ ፊኛው አጠገብ ሲደርስ ከውሃው ጋር ተጠማዞ ያልፋል እንጂ አይጋጭም። የላመ ሸክላም አረፋውን ያጨቀየዋል። ሰልፋይድ በብረት ኳስ ሲፈጭ ደግሞ ኳሱ ይዝጋል፤ ዝገቱ የማዕድኑን ገጽ ይለብሰዋል፣ ውሃው ውስጥ ያለውንም ኦክስጅን ይበላል።

ታዲያ ይላም ወይስ ይሻከር? ይህን የሚመልስ ርካሽ ምርመራ አለ፤ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠቀሱ ነው በጣም ያስገረመኝ። ዝቃጩን በወንፊት መክፈል። የጠፋው መዳብ ሻካራው ክፍል ውስጥ ከተገኘ አልተላቀቀም፣ ይፈጭ። ከ38 ማይክሮን ወንፊት ያለፈው ደቃቁ ውስጥ ከተገኘ ከመጠን በላይ አልሟል፣ ወፍጮው ይታገሥ። ለመነሳት በሚመቸው መካከለኛ መጠን፣ ያውም ተላቆ ከተገኘ፣ አዎ፣ ያኔ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ኬሚካሉ ነው። ከሦስቱ በሮች አንዱን ብቻ አይተው ነው ቤቱን የገለጹልን።

«ሳያናይድ የማይነካው ንጹሕ ዘዴ» የሚለውን ሰው አምኖ ቤተሰቡን ግድቡ አጠገብ እንዳያሰፍር ብዬ ነው የማነሳው። ዚንክና ፓይራይትን ታች ለማስቀረት ጥቂት ሳያናይድ መጨመር ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ ዛሬም በብዙ የእርሳስና ዚንክ ፋብሪካ አለ። መጠኑ ወርቅ ለማሟሟት ከሚገባው እጅግ ያነሰ መሆኑን አምናለሁ፤ በሰልፋይት መተካት የሚቻልበት ጊዜም ብዙ ነው። ድንጋዩ ወርቅ ካለው ወይም ቻልኮሳይት ከበዛበት መተካቱ ለኪስም ይሻላል፣ ሳያናይድ ሁለቱንም ያሟሟልና። ዛንቴቱም ሳሙና አይደለም። አፉ ተከፍቶ መስኮት ሥር የከረመ ከረጢት ያየ ያውቀዋል፦ ቢጫዎቹ እንክብሎች ረጥበው ተጣብቀዋል፣ ክፍሉ የበሰበሰ ጎመን ይሸታል። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ካርቦን ዳይሰልፋይድ ይለቃል፤ እሱ መርዝም ነው፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ከሁሉም በላይ ግን ግድብ ውስጥ የተደፋው ፓይራይት አለ። አየርና ውሃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል፤ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም ሥራውን አያቆምም።

ካሜራው እውነት ነው፤ የአረፋውን ፍጥነት፣ ቀለምና የፊኛ መጠን እያነበበ አየሩን የሚያስተካክል መሣሪያ በትልልቅ ፋብሪካዎች አለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ከያዘው ኦፕሬተር ይሻላል። ካባ የለበሰውን ዚንክ ግን ከመዳብ ለይቶ አይነግረንም።

ለተማሪዬ በመጨረሻ የጻፍኩላት አጭር ነው፦ ጽሑፉን ተይው፣ ከነገ ጀምረሽ በየፈረቃው ከዝቃጩ ናሙና ውሰጂ፣ በወንፊት ክፈይው፣ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ አስመርምሪ። ወዲያው መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ የ38 ማይክሮኑ ወንፊታችን እኮ ተቀዷል።» የእኛው አለ፤ ቅዳሜ መጥታ ትወስደዋለች።